የዳኛው ጥበብና የዳኛው ጅራፍ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሚወዱ ሰዎች፥ ስለ ጥንታዊት ቻይና የተጻፈውን ባነሡ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚያመሰግኑት ዳኛ ዲን ነው። ምስጋናው አይነቀፍም። እኔ የምነቅፈው ግን ዳኛው የተጠረጠረውን ሰው ሲያስገርፍ፥ «ኋላ ወንጀለኛ ሆኖ ተገኝቷልና ግርፋቱ የተገባ ነው» እያሉ የሚያልፉትን አንባቢዎች ነው። ይህ አሳብ ስሕተት ለመሆኑ ከራሱ ከዳኛው ሕይወት የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

አስቀድመን መጽሐፉን እንመልከት፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በቺንግ ነገሥታት ዘመን ስሙን ያልገለጠ አንድ ቻይናዊ ደራሲ ስለ ዳኛ ዲ 64 ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሆላንዳዊው የመንግሥት መልእክተኛ ሮበርት ቫን ጉሊክ ከዚህ የፊተኞቹን 30 ምዕራፎች ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1949 ዓ.ም. በቶኪዮ አሳተመ። ከዚያም እስከ ሞተበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ ዳኛ ስም ብዙ ታሪኮችን ራሱ ደረሰ። ዛሬ ዳኛ ዲ በብዙ አገር የታወቀው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሰው ድካም ነው።

በዚያ በፊተኛው መጽሐፍ ውስጥ ባሏን ገድላለች ተብላ የተጠረጠረች አንዲት መበለት አለች። ዳኛው አስገረፋት፤ አላመነችም። መቃብሩን አስከፍቶ ሬሳውን አስመረመረ፤ የቁስል ምልክት አልተገኘም። በዚህ ጊዜ የዳኛው ሹመት ራሱ ከአደጋ ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ግን ሸንጎውን የሲኦል ፍርድ ቤት አስመስሎ በሌሊት ቢያቀርባት፥ ሴቲቱ ከሙታን ፈራጅ ፊት የቆመች መስሏት ምሥጢሩን አወጣች። በባሏ አናት ላይ መርፌ መትታበት ኖሯል። አንባቢውም የነገሩን መፈታት አይቶ ደስ ይለዋል፤ በደስታውም ጅራፉን ይረሳዋል።

እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሴቲቱ ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ያ የመጀመሪያው ግርፋት በምን ይለይ ነበር? በምንም አይለይም። ያው ጅራፍ፥ ያው ጩኸት፥ ያው «አላደረግሁም» የሚል ቃል ነው። ልብ ወለዱን ስናነብ ልባችን የሚያርፈው፥ ደራሲው ገና ብዕሩን ሳያነሣ ጥፋተኛዋን ቈርጦ ስለ ጨረሰ ነው። በእውነተኛ ሸንጎ የተቀመጠ ዳኛ ግን ነገሩን አስቀድሞ የጨረሰለት ደራሲ የለውም።

አሁን ወደ እውነተኛው ሰው እንለፍ። ዲ ሬንጄ በታንግ ነገሥታት ዘመን ከ630 እስከ 700 ዓ.ም. የኖረ ሹም ነው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሳለ ባንድ ዓመት ውስጥ የ17,000 ሰዎችን የተጓተተ ነገር ቈረጠ፤ ተበደልሁ ብሎ የጮኸም አልነበረም ብለው የታሪክ ጸሐፊዎች መስክረውለታል። ነገር ግን በ692 ዓ.ም. በንግሥቲቱ በዉ ዜትየን ዘመን፥ ሰውን በማሠቃየት የታወቀው ላዪ ጁንቸን የሚባል ሹም በመንግሥት ላይ አድመሃል ብሎ ከሰሰው። ዲም ምንም ሳያድም ወዲያው «አዎን» ብሎ አመነ። ቈይቶ ከብርድ ልብሱ ጨርቅ ቀድዶ አቤቱታውን ጻፈበት፥ በጥጥ ልብሱም ውስጥ ሸሽጎ ወደ ቤቱ ላከው፤ ልጁም ለንግሥቲቱ አደረሰ። እርሷም ስለ ምን አመንህ ብላ ብትጠይቀው፥ ባላምን ኖሮ በግርፋት ሞቼ ነበር ሲል መለሰላት። ሕይወቱ ተረፈች፤ ሹመቱ ግን ዝቅ ብሎ ከዋና ከተማው ርቆ ተላከ። ላዪ ጁንቸንም በ697 ዓ.ም. በፋንታው በሞት ተቀጣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በልብ ወለድ ጅራፍ የሚያስነሣው ዳኛ፥ በታሪክ ጅራፍ ፈርቶ ያላደረገውን አደረግሁ ያለው ያው ሰው ነው። ዐዋቂና ጽኑ የነበረው ዲ እንዲህ ካለ፥ ረዳት የሌላት መበለት ምን ልትል ኖሯል?

«የዘመኑ ልማድ ነውና በዛሬ ሚዛን አትመዝነው» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን የምመዝነው በዚያው ዘመን ሚዛን ነው። በ653 ዓ.ም. የታወጀው የታንግ ሕግ፥ ተከሳሽ ለምርመራ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይገረፍ፥ የግርፋቱም ድምር ከ200 እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። ያን ሁሉ ታግሦ ሳያምን የቀረ እንደ ሆነ፥ ግርፋቱ ብዙ ጊዜ ወደ ከሳሹ ይዞር ነበር። ሆነ ብሎ በንጹሕ ሰው ላይ የፈረደ ዳኛም በፈረደው ቅጣት ራሱ ይቀጣ ነበር። ጅራፍ ሐሰትንም እንደሚያናግር ባያውቁ ኖሮ፥ ሕግ አውጭዎቹ ስለ ምን ይህን ሁሉ አጥር ያጥሩበት ነበር?

ሌላም መንገድ ነበራቸው። ሶንግ ጽ የተባለ ዳኛ በ1247 ዓ.ም. ስለ ሬሳ ምርመራ በጻፈው መጽሐፍ፥ በማጭድ ስለ ተገደለ አንድ ሰው ይናገራል። መርማሪው የመንደሩን ማጭድ ሁሉ አስመጥቶ በመሬት ላይ አስደረደረ፤ ዝንቦችም የደም ሽታ ስቧቸው ባንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ሰፈሩ። ባለ ማጭዱም በዚህ ተረትቶ አመነ። የመርማሪ ጥበብ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የዳኛ ዲ መጻሕፍት አይነበቡ አልልም፤ እኔም በደስታ አነባቸዋለሁ። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ንጋቱን መታገሥ ያቃተውን ዳኛ ጥበበኛ ብለን አንጥራው። በየገጹም ዳኛው ነገሩን በምን ዐወቀ እያልን እንጠይቅ፤ በማስተዋሉ ያገኘውን ለጥበቡ፥ በጅራፉ ያገኘውን ለጅራፉ እንጻፍለት።