ሹመኛው ሆራ አርሰዲ ይሂድ፤ እኛን ግን አይጎትት

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



መስከረም በገባ ቁጥር ከሞጆና ከአዳማ አንስቶ እስከ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ድረስ በየመስጂዱ ደጃፍ አንድ ክርክር ይነሳል። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ሹመኞችም ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ። ከእነሱ ውስጥ ከእኛው ጋር ጁሙዓ የሚሰግዱ፣ በድምፃችን የተመረጡ ሙስሊሞች ይገኙበታል። በማግሥቱ ጥያቄው ይመጣል፦ «እንዴት ሙስሊም ሆኖ እዚያ ይገኛል? ለዚህ ነው እንዴ የመረጥነው?»

አንዳንድ ወንድሞቻችን ከዚህም አልፈው እዚያ የታየ ሹመኛ በጀመዓችን ፊት እንዲወገዝ፣ በሚቀጥለው ምርጫም ድምፅ እንዲነፈግ ይጠይቃሉ። የዲናቸው ቅናት ነውና ስሜታቸውን እናከብራለን። መንገዱ ግን ስህተት ነው እንላለን። የምንለውም ሹመኛን ለማስደሰት አይደለም። የከፈልንበትን የገዛ ጥያቄያችንን በገዛ እጃችን እንዳናፈርሰው ነው።

ጥያቄያችን ምን ነበር? በ2004 ከአወሊያ ግቢ ሲነሳ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቋል። የአህባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ክንድ አይጫንብን፤ የመጅሊስ መሪዎቻችንን በነፃነት በየመስጂዳችን እንምረጥ፤ አወሊያ በሕዝበ ሙስሊሙ እጅ ይተዳደር። ሦስቱም ሲጨመቁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፦ መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ። ለዚህች ዓረፍተ ነገር በአሳሳና በኮፈሌ ደም ፈሷል። ለዚህች ዓረፍተ ነገር የኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታስረው በ2007 መጨረሻ እስከ 22 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። የመጅሊስ ምርጫ ግን መስከረም 27፣ 2005 ከመስጂድ ወጥቶ በቀበሌ አዳራሽ ተካሄደ።

አሁን እናስብ። ያኔ ያቆሰለን የአህባሽ ትምህርት ራሱ ብቻ አልነበረም። የፈለገ ይማረው፣ የፈለገ ይተወው ቢባል ኖሮ ክርክሩ የዑለሞች ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። ያቆሰለን ካድሬ ተነስቶ «ትክክለኛው ዐቂዳ ይህ ነው» ማለቱ ነው። እንግዲህ ዛሬ እኛ ተነስተን «ሹመኛ በዐቂዳችን መሠረት ይሂድ፣ በዐቂዳችን መሠረት ይቅር» ብለን ወንበሩን በእኛ እምነት ልንለካው ከፈለግን፣ ያንኑ ዱላ አንስተን ለመንግሥት መልሰን ማቀበላችን ነው። ነገ በሌላ ከተማ የሌላው እምነት ተከታይ ቁጥሩ ሲበዛ «የእኛ ሹመኛ በኢድ ሶላት ላይ አይገኝ» ቢል በምን አንደበት እንከራከረዋለን? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ እኛ በቃላችን የያዝነው መንግሥት በሃይማኖት እንዳይገባ በሚከለክለው ጎኑ ነው። ሃይማኖትም በመንግሥት ሥራ እንዳይገባ የሚለው ጎኑ ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል። አንዱን ጎን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። አንቀጽ 54ም የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይናገራል። የአዳማ ተመራጭ የሙስሊሙም፣ የኦርቶዶክሱም፣ የፕሮቴስታንቱም፣ የዋቄፈታውም ተመራጭ ነው። ክርስቲያን ከንቲባ ኢድ ሜዳ መጥቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል ሰለመ አንልም። ሙስሊሙ ሹመኛ ጥምቀት ላይ ቆሞ ጸጥታ ሲያስከብርም ከዲኑ ወጣ አንልም። ሆራ አርሰዲ ላይ ሲሆን ሚዛኑ ለምን ይቀየራል?

«መገኘት ማለት መቀበል ነው» የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን። ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻም አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሙስሊም ተመራጮች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ፕራይድ የሚሉትን በዓል ሲያከብሩ ከንቲባው፣ የምክር ቤት አባሉ ይገኝ ወይስ ይቅር በሚል በየዓመቱ ይወጠራሉ። በሚሺጋን ግዛት ሃምትራምክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የምክር ቤቷ አባላት በሙሉ ሙስሊሞች ነበሩ። በሰኔ 2015 ምክር ቤቱ የፕራይድ ሰንደቅ በከተማዋ ይዞታ ላይ እንዳይሰቀል ሲወስን በዓለም ዙሪያ አነጋገረ። ብዙዎቻችን የሰማነው ይህን ያህሉን ብቻ ነው። የውሳኔው ቃል ግን የሃይማኖት፣ የዘርና የፖለቲካ ቡድኖችን ሰንደቅ ጭምር የሚከለክል ነበር። ምክር ቤቱ የእኛም አይሰቀል ማለቱ ነው። ብዙ ተቃዋሚዎች ተነሱበት፤ ዓላማው አንድን ወገን ማግለል ነው ያሉም አሉ። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ ከመንግሥት ወንበር የሚወጣ ደንብ ለሚከራከርለት ሰው የሚያገለግለው በራሱም ላይ ሲሠራ ብቻ ነው።

ታሪካችንም በመገኘትና በመቀበል መካከል ያለውን ልዩነት ያስተምረናል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ረዲየላሁ ዐንሁ ኢየሩሳሌም ሲገቡ ከክርስቲያኖቹ መሪ ጋር ወደ ታላቁ ቤተክርስቲያን መሄዳቸውን፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ግን በኋላ ሙስሊሞች ቦታውን የእኛ ነው እንዳይሉ ብለው ውጪ መስገዳቸውን የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ያወሱታል። እንደ መሪ ተገኙ፤ እንደ ሙስሊም ለብቻቸው ሰገዱ፤ የሌላውንም ቦታ ጠበቁለት። ከዚህ የተሻለ የሹመኛ መመሪያ ከየት ይመጣል?

ኢሬቻ ባህል ነው ወይስ አምልኮ፣ ሳሩንና አበባውን ይዞ ውሃ ውስጥ መንከር ለሙስሊም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ዑለሞቻችን ይመልሱት። ሹመኛውም ዲኑን የሚጠይቅበት ዓሊም አያጣም፤ ሒሳቡም ከአላህ ጋር ነው። የእኛ የጀመዓ ጥያቄ ሌላ ነው። ሦስት ነጥብ አለው፤ በሦስቱም ላይ አንደራደርም።

አንደኛ፣ ማስገደድ የለም። ሹመኛው በወንበሩ ይሂድ፤ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ፣ አስተማሪውን፣ ተማሪውን፣ የቀበሌውን ነዋሪ ግን በስም መዝገብ ጠርቶ አይጎትት። በማንኛውም በዓል ስም ያለ ፈቃድ ደመወዝ አይቆረጥ፣ «መዋጮ ካልከፈልክ አገልግሎት አታገኝም» አይባል። አንቀጽ 27 ማንንም ሰው በእምነቱ ጉዳይ ማስገደድን ይከለክላል። ይህ ለኢሬቻ ብቻ የምንለው አይደለም። የኢድ መዋጮ ከክርስቲያን ጎረቤታችን በግዳጅ ቢሰበሰብ ቀድመን የምንቃወመው እኛ መሆን አለብን።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ እኩል ይሁን። ለአንዱ በዓል መንገድ ሲዘጋ፣ አደባባይ ሲፈቀድ፣ ጥበቃ ሲመደብ ለሌላውም በዚያው ልክ ይደረግ። የኢድ ሶላት ሜዳ በመጨረሻዋ ምሽት የሚለመን ችሮታ መሆኑ ይቅር።

ሦስተኛ፣ ሹመኛ እንግዳ ይሁን እንጂ የመድረክ ባለቤት አይሁን። በዚህ ላይ ከኢሬቻ አክባሪዎች ጋር አንድ ቁስል አለን። መስከረም 22፣ 2009 ሆራ አርሰዲ ላይ የሆነውን አንረሳም። የሕዝቡ በዓል መድረክ የገዥዎች መድረክ ሊሆን ነው በሚል ቁጣ ተነሳ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ እየተረጋገጠ ገደል ገባ። መንግሥት ራሱ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አምኗል፤ ቁጥሩ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል ያሉም ብዙ ናቸው። ጭሱ የማንንም ሃይማኖት አልጠየቀም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ነሐሴ 2፣ 2005 በኢድ አል ፊጥር ዕለት አዲስ አበባ ላይ በስታዲየሙ ዙሪያ ሙስሊሞች በበዓላቸው ቀን ተደብድበዋል፣ ታፍሰዋል። ሁለቱም ቦታ ሕዝቡ በገዛ በዓሉ እንደ ጠላት ታየ። እንግዲህ ሆራ አርሰዲ ላይ ልጁን የቀበረ አባት ጠላታችን ነው ወይስ የሐዘን ወንድማችን?

ወደ ራሳችን ደግሞ እንመለስ። ሹመኛ ኢሬቻ ላይ ታየ ብለን የምንቆጣውን ያህል፣ ኢድ ላይ ታየ ብለን መደሰታችንም አታሎናል። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ ሲመጣ እናጨበጭባለን፤ ፎቶው ይነሳል፤ እሱ ይሄዳል፤ ጥያቄያችን ሜዳው ላይ ይቀራል። በ2015 ኢድ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ከየአቅጣጫው ጎርፎልን ነበር። ከዚያ ኢድ ሁለት ወር ሳይሞላ በሸገር ከተማ የመስጂዶችን መፍረስ የተቃወሙ ወገኖቻችን ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ጥይት ጠበቃቸው፤ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ አንዲት ግድግዳ እንኳ ከዶዘር አላዳነም።

ስለዚህ ሹመኛን በተገኘበት ቦታ ሳይሆን ባደረገው ነገር እንለካው። ኢሬቻ ላይ የተገኘ፣ ነገር ግን የመስጂዳችንን ይዞታ ማረጋገጫ የፈረመ፣ የመቃብር ቦታ ጥያቄያችንን ያስፈጸመ፣ ሂጃብ ያደረገች ተማሪ ከክፍል እንዳትወጣ የተከራከረ ሹመኛ ድምፃችን ይገባዋል። ኢድ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ዶዘር ሲመጣ ስልኩን የሚያጠፋ ደግሞ ምንም ያህል ቢያሸበርቅ አይገባውም።

ውድ ጀመዓዎች! በሚቀጥለው ኢድ ሹመኛው ሲመጣ በክብር ተቀበሉት፤ እንግዳ ማክበር ሱናችን ነው። ግን በባዶ እጅ አትሸኙት። የመስጂዳችሁን ያልተመለሱ ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ፣ የጀመዓውን ፊርማ አኑራችሁ በእጁ ስጡት፤ መቼ እንደሚመልስም በሕዝብ ፊት ጠይቁት። የመስከረሙ እሁድ ሲደርስም ወደ ቢሾፍቱ የሚያልፈውን ጎረቤታችሁን ውሃ ከጠየቀ አጠጡት፣ መንገድ ከጠፋው አሳዩት። ልጃችሁ በግድ ተሰለፍ ከተባለ ግን በሰላም፣ በጽሑፍ፣ በስማችሁ እምቢ በሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ መስጂዳችሁ አብሯችሁ ይፈርም።

በራሳችን ላይ እንዳይደረግ የታገልነውን በሌላው ላይ አናደርግም። በሌላው ላይ የማናደርገውን ደግሞ ማንም በእኛ ላይ እንዲያደርግ አንፈቅድም፣ ኢንሻ አላህ!

አላሁ አክበር!