የነፍስ ኑዛዜና የንብረት ኑዛዜ

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ኃጢአትን ለነፍስ አባት መንገር ኑዛዜ ይባላል፤ ከሞት በኋላ ሀብት ለማን እንዲሆን መወሰንም ኑዛዜ ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው አያስደንቅም። በጥንቱ ልማድ ሕመምተኛው ንስሐውን ካደረሰ በኋላ ሽማግሎች ይጠሩና፥ በነፍስ አባቱ ፊት ዕዳውንና ውርሱን ይናገር ነበር። የስሙ አንድነት ግን ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ ያሳስታል፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሰዓት ሊቈዩ የሚችሉ ይመስላልና።

አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ከማግባቱ በፊት የሠራው ቤት አለው እንበል። በታመመ ጊዜ የነፍስ አባቱንና አንድ ጎረቤቱን አስጠርቶ «ቤቱ ለባለቤቴ ይሁን» ብሎ ዐረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ ከቀድሞ ሚስቱ የተወለዱት ልጆች ውርሳቸውን ጠየቁ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ በውርስ ረገድ ዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን እጅግ በጠበበ መጠን ነው። ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት ስለ ቀብሩ ማዘዝ፥ ለሕፃናት ልጆቹ ሞግዚት መሰየም፥ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መተው ይችላል። አምስት መቶ ብር ያን ጊዜ ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ በግ እንኳ አይገዛም። ቤት እንግዲህ በቃል አይተላለፍም። ደግሞም ሕመምተኛው 3 ወር በሕይወት ከቈየ የቃሉ ኑዛዜ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ እናስተውል። ሕጉ ያለ ኑዛዜ የሞተውን ሰው ወራሾች ሲቈጥር ልጆችን ያስቀድማል፤ ወንድ ሴት ሳይል እኩል ያካፍላቸዋል። ሚስትን ግን ከወራሾች ተራ አያስገባትም። እርስዋ የምትይዘው በትዳር አብረው ካፈሩት እኩሌታውን ነው፤ ከጋብቻ በፊት የተሠራው ቤት፥ በውል ካልተለወጠ በቀር፥ የባልዋ የግሉ ነው። ስለዚህ ስንት ዓመት የኖረችበትን ጓዳ ለቃ ትወጣለች፤ የነፍስ አባትም እውነቱን እየመሰከሩ ቃላቸው አይረዳትም። ልጆቹንም ሌባ ማለት አይቻልም፤ የጠየቁት የሕግ መብታቸውን ነው።

ቤትን ለማውረስ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ፥ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ከዚያም በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በዚያው ጽሑፍ ይገለጻል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል መዝጋቢ ሲሆን 2 ይበቃሉ። መነበቡን የሚገልጸው ቃል ትንሽ ይመስላል፤ እርሱ ሲጐድል ግን ኑዛዜው ይፈርሳል። ልጅን ከውርስ የሚነቅልም ምክንያቱን በኑዛዜው መጻፍ አለበት።

ባልና ሚስት በፍቅር ሆነው በአንድ ወረቀት «እኔና ባለቤቴ» ብለው የሚጽፉትስ? ልብ ያስደስታል፤ በሕግ ግን ፈራሽ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ። የገጠር መሬት ይዞታ ያለውም በክልሉ የመሬት ሕግ ለማን ሊያወርስ እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ።

የነፍስ አባቶች ለጠበል ጸዲቅ ወደ ቤት ሲመጡ፥ ባለቤቱ በጤናው ሳለ «ጽፈሃል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል። ለራሳቸው ግን ስጦታ ባይቀበሉ ይሻላል፤ በመጨረሻው 6 ወር ውስጥ ተናዛዡን በነፍስ ወይም በሥጋ በሙያው የረዳ ሰው የተተወለትን ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሰርዘው ይችላልና።

ምስክር ሳይጠራ በገዛ እጁ መጻፍ የሚወድ ሰው ሙሉውን ራሱ ይጻፍ፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በየገጹም ቀን ጽፎ ይፈርም። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ወረቀት አጥፈው በዳዊታቸው ቅጠሎች መካከል ያኖሩታል። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ለውል መዝጋቢ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ካልተሰጠ ግን ዋጋ ያጣል።