ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ቤተ ሙከራ

የሀብሩ አርሶ አደር አቀንጭራን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ሐምራዊ አበባው ከማሽላው ሥር ብቅ ሲል፣ የሰብሉ ጉልበት ከመሬት በታች ቀድሞ ተመጥጧል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የሚቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው የሚነቃ በመሆኑ፣ በነቀላ ብቻ የሚገታ ጠላት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀዳጁት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማፍለቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እርሳቸው የሚገኙበት ቡድን የአንዱን ብርታት ምንጭ የሆነውን ዘረ መል ለይቶ አሳወቀ። ማሽላው የአፍሪካ፣ ጥገኛው የአፍሪካ፤ ቤተ ሙከራው ግን በአሜሪካ ኢንዲያና! ቅራኔው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ቅራኔ ለመፍታት የወልድያና የመርሳ ተማሪ እጁን ማሠልጠን ይኖርበታል። የሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት ፊደል ረቂቅ አይደለም፤ የሊትርን አንድ ሚሊዮንኛ በፒፔት መለካት፣ በእሳት ነበልባል አጠገብ ከጀርም ተጠብቆ መሥራት፣ ባክቴሪያን በአጋር ላይ ማራባት፣ ዲ.ኤን.ኤን አጥርቶ ማውጣት ነው። ይህ የመጨረሻው በሽንኩርት፣ በጨው፣ በሳሙናና በአልኮል ይጀመራል፤ ማጀት ውስጥ የሌለው አልኮሉ ብቻ ነው።

«ዳቦ ሳይጠግቡ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ወገኖች የስኳር ሕመምተኛው ወዛደር በየማለዳው የሚወጋውን ኢንሱሊን ልብ አላሉትም። ከእ.ኤ.አ. 1978 ወዲህ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ አማካይነት ሊመረት ችሏል። ጥንቃቄን በሚመለከትም አገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን አውጥታለች፤ ሕጉን ማስፈጸም የሚችለው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። የጠፋውን መተካት የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ይሁን እንጂ በየትኛውም ተቋም ቢሆን፣ የተገኘው መሣሪያ «እንዳይሰበር» ተብሎ በመጋዘን ሲቆለፍ ዝም ሊባል አይገባም። ተማሪ ያልነካው ማይክሮስኮፕ ከተዘረፈው በምን ይሻላል? የቀበሌ ነዋሪዎች በየስብሰባቸው፣ የኤሌክትሪክና የጥገና ሠራተኞችም በየሥራ ቦታቸው፣ ልጆቻቸው በዚህ ዓመት ስንት ቀን ቤተ ሙከራ እንደገቡ ይጠይቁ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለም ጭምር።