ስቱኮ የተረፈው ይዞ ይምጣ

እንግዲህ ክርክር ገጥመናል። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን የምንገጣጥም ጥቂት ጓደኛሞች ነን (ሥራ ፈት የሚለን አልጠፋም፤ ይበለን)። ክርክሩም «ክፍሎቹ አንገጥምም የሚሉ ኪት ለምን ይገዛል?» የሚል ነው። አብዛኞቻችን ይገዛ ባዮች ነን።

የጃፓኑን የታሚያን ስፒትፋየር ማን ይጠላል? ክንፉን ከአካሉ ስታገናኙት ልክክ ይላል፤ ስቱኮ የለ፣ ብርጭቆ ወረቀት የለ። ችግሩ ወዲህ ነው። ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት የብረት ሞልድ እጅግ ውድ ስለሆነ ትላልቆቹ ፋብሪካዎች የሚያወጡት በብዛት የሚሸጠውን ነው። ስፒትፋየር፣ ሙስታንግ፣ ሜሰርሽሚት፣ ደግሞ ስፒትፋየር! የእንግሊዙ ኤርፊክስ የመጀመሪያውን ስፒትፋየር ያወጣው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር፤ እስከ ዛሬም አልጠገበውም።

ሳብ 17ስ? ይህ ስዊድን ሠራሽ ቦምብ ጣይ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ባደራጁት አየር ኃይል ውስጥ ከቢሾፍቱ እየተነሳ በርሯል። የእሱን ኪት ለማውጣት የሚደፍሩት ትንንሽ አምራቾች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በርካሽ ሞልድ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያወጡት። ሳጥኑ ሲከፈት ጉዱ ይታያል። ሁለቱን የአካል ግማሾች የሚያያይዝ እሾህና ቀዳዳ የለም። የየክፍሉ ጠርዝ ላይ ትርፍ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። የክንፉ የኋላ ጠርዝ እንደ ብስኩት ወፍራም ነው፤ ከውስጥ በኩል እየፋቁ ማሳሳት ነው እንግዲህ።

«ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን» ይላሉ እምቢ ባዮቹ። ውሸት አይደለም፤ እንዲያውም አራት ነው። የአብራሪውን መስታወት በሱፐር ግሉ ብናጣብቀው ከማጣበቂያው በወጣው ጭስ ደመና ለብሶ ቁጭ አለ። ያን ቀን እኛም ተሳድበናል። ለመስታወት የእንጨት ኮላ እንደሚሻል የተማርነው ከዚያ ወዲያ ነው።

ግን ቀላል ቀላሉን ብቻ ከገዛን መደርደሪያችን ላይ የሚቀመጠውን የሚመርጥልን የፋብሪካው ሂሳብ ሠራተኛ ሊሆን ነው። የለንደን ልጅ ስፒትፋየር ቢደረድር የአያቱ ነው፤ ያምርበታል። የእኛ ሳብ ደግሞ በ1/72 መጠን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 19 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ቡፌው ላይ ቆሟል። ግራ ክንፉ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ይላል። ስለ ስፒትፋየሩ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

የፊታችን ቅዳሜ ክንፉን አላቀን እንደገና ልናጣብቀው ነው። ስቱኮ የተረፈው ይዞ ይምጣ።