ስለ ጡት ነቀርሳ፣ በስልክ ስለሚደጋገፉ እናቶችና ስለ እድራችን ደንብ



በሰፈራችን ሰው ያረፈ እንደሆነ ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ድንኳኑ እስኪተከል ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ንፍሮው፣ እንጀራው በየአቅጣጫው ይደርሳል። የጉና ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በታኅሣሥ ሌሊት እንኳ ሐዘንተኛ ብቻውን ሲያድር አላየሁም። በዚህ በኩል ማንም አያማንም። በዛሬው ጽሑፌ የማነሣው ግን ከጥሩምባው በፊት ስላለው ጊዜ ነው። የጡት ነቀርሳ፣ ማለትም ዛሬ ሐኪሙም ሕዝቡም የጡት ካንሰር የሚለው በሽታ የያዛት ሴት በዚያ ጊዜ ውስጥ የሆዷን የምታጫውተው ለማን ነው?

ለእኛ አይደለም። በመልክ ለማታውቃቸው ሴቶች፣ በስልክ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከአንዲት ጎረቤታችን ነው። ስሟን እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች፤ ነገሩን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። ለሕክምና ጎንደር ስትመላለስ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከአንዲት የጋይንት ሴትና ከአንዲት የእስቴ ሴት ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሦስቱም ነጠላቸውን ወደ አንድ ወገን ሰብሰብ አድርገው ነበርና ሳይነጋገሩ ተዋወቁ። ስልክ ተለዋወጡ። ቆይቶ የአንደኛዋ ልጅ ቴሌግራም የሚባለው ላይ አንድ ቡድን ከፈተችላቸው። አንዷ ሌላዋን እየጠራች ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዷም ዐረብ አገር ሠርታ ከምትኖር ቤት ገብተው ዛሬ ዐሥራ አንድ ሆነዋል። ማንበብ የማይችሉት ድምፃቸውን ቀርጸው ይልካሉ። እርስ በርሳቸው «የአልጋ ጎረቤቴ» ነው የሚባባሉት፤ አብዛኞቹ ግን አንድ ክፍል ተኝተው አያውቁም።

እንዲያው ምን ይነጋገራሉ? ብዬ ጠየቅኋት። እኔ ልቅሶና አይዞሽ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ ብዙው የቤት ጉዳይ ነው። የነቀርሳው መድኃኒት በብዙ ሴቶች ላይ በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው። ከተወሰደ በኋላ ያሉት ቀኖች የሽሮ ሽታ እንኳ የማይቻልባቸው ናቸው፤ ታዲያ የትኛው ቀን እንደሚብስና መቼ ምግብ መቅመስ እንደሚቻል ቀድማ ያለፈችበት ለጀማሪዋ ትነግራታለች። ጠጉር መርገፍ ሲጀምር ትራስ ላይ አይቶ ከመደንገጥ አስቀድሞ መላጨት እንደሚሻል፣ ሻሹ እንዴት እንደሚታሰር ይማከራሉ። ከብብት ሥር ዕጢ የወጣላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ስለሚችል በዚያ በኩል ውኃና እንጨት እንዳትሸከም ያስታውሷታል። ጡቷ ለተቆረጠባት፣ ከጥጥና ከንጹሕ ጨርቅ ሰፍታ በጡት መያዣው ውስጥ እንዴት እንደምታደርገው የምታሳይ አንዲት እጀ ብልኅ አለቻቸው። ስለ ጾም ሲነሣም አንዷ የንስሐ አባቷ ምን እንዳሏት ለሌሎቹ ታወራለች፤ ደፍራ ያልጠየቀችም በዚያ ልብ አግኝታ ትጠይቃለች።

ከሁሉ የበለጠውን ልንገራችሁ። በመድኃኒቱ ወራት ሰውነት ተላላፊ በሽታን የመከላከል አቅሙ ይደክማልና ትኩሳት የያዛት ሴት ሳታድር ሐኪም ማየት አለባት። የእስቴዋ ሴት አንድ ማታ አተኮሳት። የቤት ሰው «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽልሽ» ሲላት ለጓደኞቿ በስልክ ተናገረች። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ደወሉባት። «ዛሬውኑ ውጪ!» አሏት። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ገባች፤ ዛሬም በሕይወት አለች። ይህን ወሬ ብቻ ነው የሚሉ ካሉ እንግዲህ እዚህ ላይ ያስቡበት።

ለምን ለእኛ አይነግሩንም? ቢሉ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እኛ በሽታውን በስሙ እንኳ አንጠራውም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የምንለው። ሴትየዋ ስታልፍ ድምፃችን ዝቅ ይላል። ቡና ጠርተን ቶናው ሳይደርስ አክስታችን በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተች እንተርክላታለን። ላላገባች ልጇም እንፈራላታለን፣ «በዘር ይተላለፋል አሉ» እያልን። እውነት ነው፣ ጥቂቱ ክፍል በቤተሰብ የሚወረስ ነው፤ አብዛኛው ግን እንዲያ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው እንደ ጉንፋን የሚጋባ በሽታም አይደለም። የራሷን ስኒ ለይተው ያስቀመጡባት ሴት መኖሯን ስሰማ አፍሬያለሁ። የሚሸሽ ባልም አለ። ወንዶችም ቢሆኑ ከዚህ በሽታ ፈጽሞ ነጻ አይደሉም፤ ከመቶ ታማሚ አንድ ያህሉ ወንድ ነው።

በሽታው ጥቂት ሰው የሚይዝ እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ አዲስ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ነበሩ። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ አንደኛው ይኸው ነው። እብጠቱ በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ስለማያም ሴቲቱ ዛሬ ነገ ትላለች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከእርሻና ከልጅ ተርፋ፣ ባሏን አስፈቅዳ፣ ብር አበድራ ወይ ተበድራ እስክትነሣ ወራት ያልፋሉ። ቀድማ የታከመች ሴት ደግሞ ድና ልጅ ታሳድጋለች። የጎረቤታችን ቡድን ውስጥ ከታከመች ብዙ ዓመት ያለፋት አንዲት እናት አለች። ሌሎቹ ድምፅዋን ሲሰሙ ብቻ ይጽናናሉ ነው የምትለኝ፤ ሐኪም «ይዳናል» ሲል ከመስማት የዳነችን ሴት ስትስቅ መስማት ይበልጣልና።

እንዲህ ያለው መደጋገፍ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ቴሬዝ ላሰር የምትባል አንዲት የኒው ዮርክ ሴት ጡቷ ከተቆረጠ በኋላ የሚያናግራት ሰው ብታጣ፣ ራሷ በየሆስፒታሉ እየዞረች አዲስ የተቆረጡትን ሴቶች ትጠይቅ ጀመር። የምትይዝላቸውም የእጅ ማፍታቻ ኳስና ገመድ፣ እንዲሁም በጡት ቦታ የሚገባ ሰው ሠራሽ ነገር ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች መጀመሪያ አልወደዱላትም። ዛሬ ያ ሥራዋ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በእኛም አገር ቢሆን ልጃቸውን ማቲዎስን በካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ማደሪያ ለሚያጡ ታማሚዎች ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላዛባ ላስቀምጥ፣ ሰው በከንቱ ተስፋ እንዳይታለል። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሽታው የተሠራጨባቸውን 86 ሴቶች ተከታትለው፣ በየሳምንቱ እየተገናኙ የተወያዩት ካልተወያዩት በእጥፍ ያህል ዕድሜ ኖሩ ብለው ጽፈው ነበር። ዓለም ጉድ አለ። በካናዳ 235 ሴቶችን ይዞ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት ግን መወያየቱ ዕድሜ አልጨመረም አለ። ነገር ግን ጭንቀታቸውና የሕመም ስሜታቸው ቀንሷል፤ ይልቁንም በጣም ተጨንቀው የነበሩት ቀለል ብሏቸዋል። ለእኔ ይህ ይበቃል። ጓደኛ መድኃኒት ነው አልልም። ሌሊት ሕመም ሲጠናባት ስልክ የምታነሣላት ሴት ያለቻትና የሌላት ግን አንድ አይደሉም።

ይህ የስልክ ጓደኝነት የራሱ ጉድለት አለው። በእነዚሁ ቡድኖች ሾልከው ገብተው «ይህን ሥር ቀቅለሽ ብትጠጪ ቆረጣው ይቀርልሻል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ ገንዘቡም ጊዜውም ይጠፋል። የኛዎቹ ሴቶች አንዱን እንዲህ ያለ ሰው አባረውታል። በየቀኑ ለ5 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚዋጥ ክኒን የታዘዘላት ሴት «እኔ ትቼው ደኅና ነኝ» የምትል ሌላ ሴት ሰምታ እንዳትተወውም ያሰጋል። ጠበሉንም ቢሆን ማንም አይከለክላት፤ ክኒኑን ሳታቋርጥ ትጠመቅ። ሌላው ደግሞ ሞት ነው። አንዷ ድምፅዋ ሲጠፋ፣ ስልኳ ሲዘጋ፣ የቀሩት ለቅሶ የሚደርሱበት ቤት የላቸውም። ባለፈው ዓመት አንዷ ባረፈች ጊዜ የኛዋ ጎረቤት በሯን ዘግታ ብቻዋን አለቀሰች። ማን እንደሞተባት የጠየቃት አልነበረም፤ ደግሞስ ምን ብላ ትመልስ? በዓይኗ አይታት የማታውቃትን ሴት «እኅቴ» ብትል ማን ይረዳታል?

ከዚህም ሌላ ነገሩ በክር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቆይ ቡድኑ ድንገት ዝም አለ። ተራው ስልክ በሠራ ጊዜ አንዷ ለአንዷ እየደወለች መልእክት ሲያቀባብሉ ከረሙ፤ የዐረብ አገሯ ለብቻዋ ቀረች። የመንገዱ መዘጋት ሲጨመርበት ቀጠሮ ያለፈባት ነበረች። ሰላም በሆነ ጊዜም ቢሆን ኑሮ የማይፈቅድላቸው አሉ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታ ዞሮ ጎንደር መድረስ የመኪና፣ ሲያድሩም የአልጋና የምግብ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አስታማሚ ሲታከል እጥፍ ነው። ጥቁር አንበሳ ከተላከች ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጤና መድን በመምጣቱ ብዙ ቀሎልናል፤ እንዲያውም በአገሪቱ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ የኛው ፎገራ ናት። ነገር ግን መድኑ የሕክምናውን ይሸፍናል እንጂ አውቶቡስ አያሳፍርም፣ የስልክ ካርድም አይገዛም።

እንግዲህ ወደ እድራችን ልምጣ። የመተዳደሪያ ደንባችን ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ነው። ሴትየዋ ስትሞት ለቤተሰቧ የምንሰጠው ገንዘብ በሕይወት ሳለች ስንት ጊዜ ጎንደር አድርሶ በመለሳት ነበር! እኔና ጥቂት አባላት የምንጠይቀው ይህን ነው። የሐኪም መላኪያ ወረቀት ያላት ሴት ለእርሷና ለአንድ አስታማሚ መሳፈሪያ ከእድሩ ይሰጣት። በሕክምና ላይ እስካለች ድረስ በየወሩ የስልክ ካርድ ይገዛላት። ስልክ ለሌላት አንድ ሁለት ደኅና ስልክ እድሩ ገዝቶ በውሰት ይያዝ፤ ብረት ድስት በውሰት እንደምንሰጠው ማለት ነው። ስሟ በስብሰባ አይጠራ፤ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቁ፣ መዝገቡ ላይም በቁጥር ይግባ። የእድሩ ቤት ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለሴቶቹ ይለቀቅ፤ በስልክ የተዋወቁት ለሕክምናም ሆነ ለገበያ እዚህ ሲመጡ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበት ይሁን። ወንዶች አንገባም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ወርኃዊ መዋጮ ይጨመር አላልንም። ለሠርግ ከሚከራየው ድንኳንና ወንበር የሚገባው ኪራይ በየዓመቱ ተርፎ ባንክ እንደሚተኛ ሒሳብ ሲነበብ ሁላችንም እንሰማለን። ከዚያ ይቀነስ። «የኩላሊቱስ፣ የልቡስ በሽተኛ?» የሚሉ ሽማግሌ አሉን፤ ጥያቄያቸው ፍርድ አለበት። እነርሱም ይጨመሩ። ከዚህኛው እንጀምር የምንለው ኩላሊት የታመመ ሰው ለጎረቤቱ ስለሚናገር፣ ይህችኛዋ ግን ስለምትደብቅ ነው።

ጥያቄያችንን በጽሑፍ ለእድሩ ጸሐፊ ሰጥተናል፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውይይት ይቀርባል ተብለናል። እንደምታውቁት በመዝገባችን ላይ ስማቸው ያለው አብዛኞቹ ባሎች ናቸው፤ እጅ የሚያወጡትም እነርሱ ናቸው። ደንቡ ግን ባል ባይመጣ ሚስት በቦታው ገብታ ድምፅ እንድትሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ እናቶች፣ ለዚያች ቀን ብቻ ባሎቻችሁን ቤት ጠብቁልን በሏቸውና እናንተ ኑ።