ሞተር ለመለወጥ መፍቻ ብቻ አይበቃም

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለወጥ ቤት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ለጋራዥም የሚሠራ መሆኑን አባቴ ገንዘብ ከፍለው፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ተማርን። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አሮጌ ፒክአፕ መኪና ሞተር አለዋወጥ ሐሳቤን ላቀርብ ተነሣሁ። ነገሩ መካኒኮችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በከተማችን በደሴ መንገድ ዳር ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው አሮጌ የቶዮታ ሃይሉክስ ሲያልፍ ሳያይ አይሄድም። ይህ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በብዙ አገር እህል፣ አትክልትና ከብት ሲያመላልስ ኖሯል። ሻንሲው ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ሞተሩ ነው። አዲስ መኪና መግዛት ለአብዛኛው ቤተ ሰብ ከዐቅም በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላ ደግሞ ያለንን መኪና አድሶ መያዝ የበለጠ ግድ ሆኗል። እንግዲህ ያረጀ ሞተርን በሌላ መለወጥ ብልህነት ነው እንጂ ነውር አይደለም። እኔ የምቃወመው ሳይለኩ መግጠምን ነው።

አባቴ የሚተዳደሩት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ዕቃ በማመላለስ ነው። ፒክአፑ 22አር የተባለ የ2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነበረው። ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር 2ኤል የተባለ፣ በመጠኑ ከዚያ ብዙ የማይለይ የናፍጣ ሞተር ገዙና መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት። ሥራው በ4 ቀን አለቀ። ሞተሩም በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ፤ ሁላችንም ደስ አለን። የፍሬኑ ፔዳል ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። አባቴ ምክንያቱን ሲጠይቁ «አዲስ ሥራ ነው ጋሼ፤ ሲነዱት ይላላል» ተባሉ።

በሦስተኛው ቀን 8 ኩንታል ድንች ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አባቴ ፍሬኑን በሙሉ ክብደታቸው ቢረግጡት መኪናው መፍጠኑን አልተወም። ማርሹን ወደ 2ኛ አውርደው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ወደ ተራራው ወገን አስጠግተው በመንገድ ዳር የአፈር ክምር ላይ አቆሙት። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ለብዙ ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ምክንያቱ ኋላ ሲታወቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በመግቢያው ላይ ያለው ክዳን ስለሚያግደው ከክዳኑ ወዲያ ቫኪዩም የሚባለው የአየር እጥረት ይፈጠራል። ይህም የፍሬኑን ሰርቮ እየሳበ የነጂውን እግር ያግዛል። የናፍጣ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ በቂ ቫኪዩም ስለማይሰጥ አየር መሳቢያ ፓምፕ ያስፈልገዋል። በ2ኤል ሞተር ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ይገጠማል። አባቴ የገዙት ሞተር ያለ ዲናሞ የመጣ ስለ ነበረ ጋራዡ የቤንዚኑን ዲናሞ አበጅቶ አሰረበት። ፓምፑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው መካኒክ፣ አንድ ሽማግሌ ሰው፣ መኪናውን ሲፈቱት ሌላም ጉድ ወጣ። የሁለቱ ሞተሮች የጀርባ ብሎን ቀዳዳዎች አይገጣጠሙም። የፊተኛው ጋራዥ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ብረት ቆርጦ አስገብቶ፣ ቀዳዳውን በዐይን ግምት በስቶት ነበር። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ግን በሞተሩ ዋና ዘንግ ጀርባ ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ከሞተሩ ጋር በአንድ መስመር መዞር ይገባዋል። ከመስመሩ ትንሽ ቢዛነፍ ኩሽኔታዋ ትበላለች፣ ፍሪሲዮኑ ይንቀጠቀጣል፣ ካምቢዮውም ይጮኻል። ሽማግሌው ያንን ብረት ጥለው ለናፍጣው ሞተር የተሠራውን የፍሪሲዮን ቤት ፈልገው አመጡ፤ በአንዳንድ የቶዮታ ካምቢዮዎች ይህ ቤት ተፈትቶ የሚለወጥ ነውና። ከዚያም የፍሪሲዮኑን ዲስክ የመሐል ጥርስና የካምቢዮውን ዘንግ ጥርስ ቆጥረው አስተያዩ። ቮላኖውን፣ ሞተሪኖውንና የካርዳኑን ርዝመት አንድ በአንድ ለኩ። «ልጄ፣ ሞተርና ካምቢዮ በአንድ ቀንበር የሚጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ ካልተመጣጠኑ እርሻው አይሄድም» አሉኝ።

እኔን እጅግ የገረመኝ ሒሳቡ ነው። የዲፈረንሺያሉ ትንሹ ጥርስ ቁጥሩ 10፣ ትልቁ 41 ቢሆን ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ካርዳኑ 4.1 ጊዜ መዞር አለበት። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ነው እንበል። ካርዳኑ ከሞተሩ እኩል በሚዞርበት ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር መኪናው በሰዓት 92 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጥርሶቹ 8 እና 39 ቢሆኑ ግን በዚያው ዙር 78 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል፤ በምትኩ ለዳገት ጉልበት ያገኛል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ብዙ ዙር ስለማይወድ፣ ይህን ሳያሰሉ የገጠሙ እንደ ሆነ ወይ በሜዳ ሞተሩ ያለ ልክ ይጮኻል፣ ወይ በዳገት ይታክታል። በ4 ጎማ የሚጎትት መኪና ሲሆን ደግሞ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሺያል ቁጥር አንድ ካልሆነ እርስ በርስ እየተጓተቱ ይሰባበራሉ። ይህ ሁሉ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ የተማርነው ማባዛትና ማካፈል ነው።

«ልምድ ያለው መካኒክ መለኪያ አያስፈልገውም፤ ሥራውንም ያስወድዳል» የሚሉ አሉ። ልምድን አከብራለሁ፤ መኪናችንን ያዳነው የሽማግሌው ልምድ ነው። ነገር ግን ልምዳቸው ያስተማራቸው መለካትን እንጂ መገመትን አይደለም። ስለ ዋጋውም ከተነሣ፣ አባቴ ለአንድ ሥራ 2 ጊዜ ከፍለዋል። መኪናው 5 ሳምንት ሲቆም የቤታችን ወጪ በብድር ነበር። ታዲያ ርካሹ የትኛው ነው? እውነቱን ለመናገር የፊተኛው ጋራዥ ልጆችም ክፉዎች አልነበሩም። ቶሎ እንዲጨርሱ የጎተጎትናቸው እኛው ነበርን።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ባለ መኪናው ሞተር ከመግዛቱ በፊት ስለ ፍሪሲዮኑ ቤት፣ ስለ ዲስኩ፣ ስለ ዲፈረንሺያሉና ስለ ፍሬኑ ፓምፕ ይጠይቅ፤ ሞተሩን ከነካምቢዮውና ከነዲናሞው ቢገዛ ደግሞ ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ ጋራዡ የገጠመውን ዕቃ ዓይነትና ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይስጥ፤ በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስለሚጻፍ ባለቤቱም ለውጡን ያስመዝግብ። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤታችን በዓመት አንድ ቀን እንኳ መካኒክ ጋብዞ፣ ካምቢዮ በጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ጥርሱን እንድንቆጥር ያድርገን። እጁ ግራሶ የነካውን ሰው ትምህርት ያልሆነለት ነው እያልን የምንንቅ ተማሪዎች ያን ቀን ብዙ የምንማር ይመስለኛል።

አባቴ ዛሬም በሐረጎ ይወርዳሉ። ከመነሣታቸው በፊት ግን ሞተሩን አስነሥተው ፍሬኑን 2 ጊዜ ረገጥ ረገጥ ያደርጉታል። ማርሽ የሚያስገቡትም ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ሲወርድላቸው ብቻ ነው።