ሒሳቡን እኛ እንሥራው

የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው ሰው በማይደርስበት በረሃ አልነበረም። ግብርና ኢኮኖሚክስ ከሚሰጥባቸው አንጋፋ ተቋሞቻችን አንዱ ጎኑ ነበር። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ የኖረው ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቆ ወለሉ ላይ ከብት ተሰማራበት። ከተራራው የታጠበው ደለል ሞላው፣ ከተማው ጠጣው፣ ዙሪያውን ያለው የጫትና የአትክልት ማሳ በፓምፕ ሳበው። ባለ ፓምፑ ለነዳጅ ይከፍላል፤ ለውኃው ግን አይከፍልም። እሱ ቢቆጥብ ጎረቤቱ ይቀዳዋል። ሁሉም የየግሉን ሒሳብ በትክክል ሠራ፤ የጋራውን ሒሳብ ይዞ ውሳኔ የሚያሰጥ ግን ጠፋ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል፤ እሰየው ነው። ያደረቀው ምክንያት ግን ዝናብ ስለጣለ ብቻ አይወገድም።

የግብርና ኢኮኖሚክስና የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ ምሩቃንና መምህራን ሆይ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ሙያችን የጋራውን ሒሳብ መያዝ ነው። ተበታትነን ግን አንይዘውም።

ይህ ትምህርት ለአገር ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፈረፈና ዋጋው ወደቀ፤ ሰብስቦ ወደ ገበያ ማጓጓዙ ከሽያጩ በልጦበት ምርቱን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበረ። በዓመቱ ድርቅ መጣና ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዝናቡ አንድ ነገር ነው፤ አምና የሞላውን ለዘንድሮ የሚያሻግር ገበያ አለመኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዶክትሬት ጥናቷን በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ የሠራችው እሌኒ ገብረ መድህን ይህን ክፍተት ጠንቅቃ ታውቀው ነበርና ወደ አገሯ ተመልሳ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በ2000 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረች። ምርት ገበያው የሚተችበት ብዙ ነገር አለው፤ ይተች፣ ይሻሻል። ነገር ግን ደላላና ነጋዴ እህል እንዴት እንደሚገበያዩ ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው ባይኖር ኖሮ የምንተቸውም ተቋም ባልኖረን።

የመሬት ይዞታ ደብተሩንም አስቡት። ምዝገባው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ትግራይ ውስጥ ተጀምሮ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ደረሰ። ኢኮኖሚስቶች ገበሬው ቤት ድረስ ሄደው ደብተሩ ምን እንደለወጠ መረመሩ። ደብተር የያዘ ገበሬ እርከን ለመሥራትና ለመጠገን ይበልጥ ይደፍራል፤ መሬቷን የሚያርስላት የሌላት ሴት ደግሞ «እነጠቃለሁ» ሳትል ታከራያለች። እንዲህ ያለውን ማወቅ የሚቻለው ጠይቆ፣ ለክቶ፣ አነጻጽሮ ነው።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ ተመንጥሮ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት በኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ሆኖ ከጉቶው አቆጠቆጠ፤ ደኑ የሚይዘው ካርቦን ተለክቶ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለማኅበረሰቡ ደረሰ። ዛሬ የካርቦን ገዢ በየወረዳው ሊመጣ ይችላል። ውሉን ከማኅበሩ በኩል ሆኖ የሚያነበው ማነው? ለስንት ዓመት መሬቱን እንደሚያስር፣ ግጦሽ የሚከለከልበት ቤተሰብ ምን እንደሚያጣ፣ ዋጋው ለማን እንደሚያደላ አስልቶ «እዚህ ላይ አትፈርሙ» የሚል የራሳቸው ሰው ከሌላቸው፣ ከገዢው ጋር የመጣው ባለሙያ የሚላቸውን ይቀበላሉ። የዚህን ያህል ክፍት የሥራ መስክ ለወጣት ምሩቅ ማን ያሳየዋል?

ብዙዎቻችን ወደዚህ ሙያ የገባነው በምርጫ ሳይሆን በምደባ ነው። ተመርቀን የሥራ ማስታወቂያ ስናይ «ኢኮኖሚክስ ወይም ማኔጅመንት» ይላል፤ የእኛ ስም የለም። ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠውን አልወቅስም፤ እንጀራ ነው። እዚያም ቢሆን የእርሻ ብድርን ከዝናብና ከዋጋ መዋዠቅ ጋር አገናኝቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። የሚያስቆጨኝ ግን ገበሬ ማኅበራትን ያቀፈ ዩኒየን ማዳበሪያውን፣ መጋዘኑን፣ የሚሸጥበትን ወር በግምት እየወሰነ፣ ያንኑ ለማስላት አራት ዓመት የተማረ ልጅ በዚያው ከተማ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነው።

ስለዚህ የዩኒየን ሥራ አስኪያጆች፣ ለአንድ ምሩቅ አንድ ጠረጴዛ ክፈቱ። አንድ የመኸር ወቅት ሞክሩት፤ ገበያውን በየሳምንቱ ይመዝግብ፣ መቼ መሸጥ እንደሚያዋጣ በቁጥር ያሳያችሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም ተማሪው እስኪመረቅ አትጠብቁ። ዩኒየኑ ዘንድ፣ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የተፋሰስ ኮሚቴው ጋ ለተግባር ልምምድ ላኩት፤ የመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ከዚያ ይምጣ።

መሣሪያው የለንም ማለት አንችልም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው የሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት፣ ማሳውም ከብቱም ፍጆታውም የሚታይበት፣ ለተመዘገበ ሁሉ በነፃ ይወርዳል። አግኢኮን ሰርች የተባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት የዘርፉን ጽሑፎች ያለ ክፍያ ያስነብባል። አር የተሰኘው የስሌት ፕሮግራምም የፈቃድ ክፍያ አይጠይቅም። የጎደለው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። በየካምፓሱ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ተማሪ አንድ ላፕቶፕ ከቦ ይህን ዳታ ይክፈት፤ ከፍ ያለው ለጀማሪው ያሳይ። በአሜሪካና በአውሮፓ የምታስተምሩና የምትመራመሩ ወገኖቻችን፣ ከእነዚህ ቡድኖች አንዱን ያዙ። በወር አንድ ሰዓት በኢንተርኔት ተገናኙ፤ ንድፈ ጥናት አርሙ፣ የነፃ ትምህርት ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ አሳዩ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ለገበሬው ያለብን ዕዳ ነው። የትመን፣ ድንቂ፣ ሐረሳውና ሌሎች መንደሮች ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. በተደረገው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ላይ በየዙሩ ቤታቸውን ከፍተው መልሰዋል። ስንት በሬ እንዳላቸው፣ ስንት ወር እንደተራቡ፣ ማን እንደሞተባቸው ተናግረዋል። በዚያ ዳታ በመላው ዓለም ጽሑፍ ታትሞበታል፣ ማዕረግ ተገኝቶበታል። እኛም በየመመረቂያ ጽሑፋችን የመቶ፣ የሁለት መቶ አባወራ መጠይቅ ሞልተን ተመልሰናል። ውጤቱን ይዘን ወደዚያው ቀበሌ የሄድን ስንቶቻችን ነን?

ከዘንድሮ ጀምሮ ይቀየር። ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ከመጽደቁ በፊት በአካባቢው ቋንቋ ሁለት ገጽ ተጽፎለት ለቀበሌው፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለማኅበሩ ይሰጥ፤ ተማሪውም ራሱ ሄዶ በስብሰባቸው ላይ ያስረዳ። ለትራንስፖርቱ መምህራን እናዋጣ፣ የትምህርት ክፍሉ በጀት ይያዝ። የሰው ስም የሌለበት ዳታውም ለሚቀጥለው ተማሪ ይተላለፍ፤ እያንዳንዱ ምሩቅ ከባዶ መጠይቅ አይነሳ።

መምህራን፣ በሚቀጥለው የትምህርት ክፍል ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ተማሪዎች፣ አማካሪዎቻችሁን ጠይቁ፤ እምቢ ካሉም ሁለቱን ገጽ ጽፋችሁ ውሰዱት። ጥናታችሁን ከዓመታት በፊት ያጠናቀቃችሁ ምሩቃንም አልረፈደባችሁም፤ ፋይሉን ክፈቱ፣ አሳጥሩት፣ የጠየቃችኋቸው ሰዎች ስብሰባ የሚቀመጡበትን ቀን ለቀበሌው ደውላችሁ አረጋግጡና ሂዱ።